የቀደምት ኮሚክ መጻሕፍት ኦሪጅናል ሥዕሎች፦ ምንነታቸው፣ የሙዚየም አያያዛቸውና የባለንብረቶች መብትና ግዴታ

ኮሚክ መጽሐፍ በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ጽሑፎች ታሪክ የሚተርክ የኅትመት ውጤት ነው። አንባቢው እጅ የሚገባው በብዛት የታተመው ቅጂ ሲሆን፣ ከዚያ ቅጂ በስተጀርባ ግን ሠዓሊው በእርሳስ ነድፎ፣ በጥቁር ቀለም አጠናቅቆ ለአሳታሚው ያስረከበው ወረቀት አለ። ይህ ወረቀት ኦሪጅናል ሥዕል ይባላል። ለረጅም ዘመን ይህ ወረቀት ከኅትመት በኋላ ጥቅሙ እንዳበቃ ይቆጠር ስለነበር ብዙው ተጥሏል ወይም ተበላሽቷል። የተረፈው ዛሬ በሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ይታያል፤ በቤተ መዛግብትም በጥንቃቄ ይቀመጣል።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያሉ ዐውደ ርዕዮችን ለሚጎበኙ፣ በቤታቸው ወይም ከወላጆቻቸው በወረሱት ንብረት ውስጥ ለኅትመት የተሠሩ የቆዩ የእጅ ሥዕሎች ላሏቸው፣ እንዲሁም ሥዕሎቹን ለማበርከት፣ ለማዋስ ወይም ከሀገር ለማስወጣት ለሚያስቡ ዜጎች ነው።

ኦሪጅናል ሥዕል ከታተመው ገጽ በምን ይለያል?

የመጀመሪያው ልዩነት መጠኑ ነው። በአሜሪካ የኮሚክ ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው የሚሥሉት ወርዱ 30፣ ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሥዕሉን በፎቶግራፍ አንሥቶ ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ገደማ ጀምሮ ግን መጠኑ ወደ 25 በ38 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ስለዚህ የወረቀቱ መጠን ብቻውን ሥዕሉ የተሠራበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል። ሁሉም ሠዓሊ ግን ይህን ልማድ አልተከተለም። አርት ስፒግልማን «ማውስ» የተሰኘውን ሥራውን የሣለው መጽሐፉ በታተመበት መጠን ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ቀለሙ ነው። የታተመው መጽሐፍ ባለ ብዙ ቀለም ቢሆንም፣ የአሜሪካ ኮሚክ ኦሪጅናል ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙ የሚሠራው ለብቻው፣ በሌላ ወረቀት ላይ በተዘጋጀ መመሪያ ሲሆን ማተሚያ ቤቱ ያንን ተከትሎ ቀለሞቹን ይለያል። በዚህ ምክንያት የሚያውቀውን ባለ ቀለም ገጽ የሚጠብቅ ጎብኚ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ሲገጥመው ሥራው እንዳልተጠናቀቀ ሊመስለው አይገባም።

ሦስተኛው ልዩነት የሥራው አሻራ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ይጽፋል፤ ሦስተኛው በብዕርና በብሩሽ ጥቁር ቀለም ያሳርፍበታል። በታተመው ገጽ ላይ የሁሉም ሥራ ተዋህዶ የአንድ ሰው እጅ ይመስላል። በኦሪጅናሉ ላይ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ቀርቦ ለሚያይ ይለያል።

አብዛኞቹ ለምን ጠፉ?

ዋናው ምክንያት ወረቀቱ እንደ ማተሚያ ግብዓት እንጂ እንደ ጥበብ ሥራ አለመቆጠሩ ነው። አሳታሚዎች ገጾቹን በመጋዘን ያከማቹ ነበር፤ መጋዘኑ ሲሞላ ይጥሏቸዋል፣ ይቀዷቸዋል ወይም ቢሯቸውን ለሚጎበኙ አንባቢዎች ይሰጧቸዋል። ለሠዓሊው የሚከፈለው በገጽ ስለነበር ወረቀቱን መልሶ የመጠየቅ ልማድም ሆነ ግልጽ ውል አልነበረም።

ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ትላልቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ገጾችን ለሠዓሊዎቹ መመለስ ጀመሩ። የቆዩት ሥዕሎች ጉዳይ ግን ቀላል አልነበረም። የበርካታ ታዋቂ ገጸ ባሕርያት ፈጣሪ የሆነው ጃክ ከርቢ በ1980ዎቹ ከማርቭል ኩባንያ ጋር ለዓመታት ተከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ገጾች ተመለሱለት። ይህ ለኩባንያው ከሣላቸው ገጾች ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። ጉዳዩ በዘርፉ ትልቅ ትምህርት ጥሎ አልፏል፤ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ መወሰን እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

አንድ ወረቀት በአጋጣሚ መትረፉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ። ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1936 «ሰማያዊው ሎተስ» ለተሰኘው የቴንቴን መጽሐፍ ሽፋን የሚሆን ባለ ቀለም ሥዕል አዘጋጅቶ ነበር። ሥዕሉን በዚያ ዘመን የማተሚያ ዘዴ ማባዛት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ አሳታሚው አልተቀበለውም፤ መጽሐፉም በቀለል ያለ ሌላ ሽፋን ታተመ። ውድቅ የተደረገው ሥዕል በአሳታሚው ቤተሰብ ዘንድ ተጣጥፎ ለረጅም ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2021 በፓሪስ ጨረታ ሲቀርብ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጧል። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ዛሬም ይታያል።

ወደ ሙዚየም የገቡበት መንገድ

በፈረንሳይ የአንጉሌም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ዓመታዊ የኮሚክ ፌስቲቫል የሚካሄድባት ናት። በሻራንት ወንዝ ዳር የነበሩ አሮጌ የመጠጥ መጋዘኖች ታድሰው እ.ኤ.አ. በ2009 የኮሚክ ሙዚየም ሆነዋል። ሙዚየሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ኦሪጅናል ሥዕሎችን ይዟል። በዚያው ዓመት በቤልጂየም ሉቨን ላ ኑቭ ከተማ ለኤርዤ ሥራዎች ብቻ የተሠራ ሙዚየም ተከፍቷል።

በአሜሪካ የኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ የ«ማውስ»ን ገጾች ለሕዝብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ሁለት ሙዚየሞች ተባብረው የ15 አሜሪካውያን የኮሚክ ሠዓሊዎችን ሥራ የያዘ ሰፊ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ሰው፣ ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበበትን የ1962 መጽሔት 24 ኦሪጅናል ገጾች ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አበርክቷል። ገጾቹን የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ነው። በግለሰብ እጅ የነበረው ሀብት በዚህ ስጦታ ለተመራማሪዎችና ለሕዝብ ተደራሽ ሆኗል።

ጎብኚው በዐውደ ርዕይ ላይ ምን ሊያስተውል ይችላል?

በመስታወት ውስጥ ያለውን ገጽ ታሪኩን ለማንበብ ብቻ የሚያየው ሰው የሚያገኘው በመጽሐፉ ላይ ካለው ብዙም አይለይም። የሚከተሉትን የሚፈልግ ጎብኚ ግን መጽሐፉ የማያሳየውን ያገኛል።

• የእርሳስ መስመር፦ ሠዓሊው መጀመሪያ አስቦት በኋላ የተወው የእጅ ወይም የፊት አቀማመጥ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ደብዝዞ ይታያል።

• ሰማያዊ እርሳስ፦ የማተሚያ ቤት ካሜራ ፈዛዛ ሰማያዊን ስለማይመዘግብ ሠዓሊዎች በዚህ ቀለም ይነድፉ፣ መልእክትም ይጽፉ ነበር።

• ነጭ ቀለምና ተለጣፊ ወረቀት፦ ስሕተት የሚታረመው በነጭ ቀለም በመሸፈን ወይም በላዩ ሌላ ወረቀት በመለጠፍ ነው። በዚህ መልክ የተለወጠ ንግግር በገጹ ላይ ጎልቶ ይታወቃል።

• የኅዳግ ማስታወሻ፦ አርታኢው ለሠዓሊው፣ ሠዓሊው ለማተሚያ ቤቱ የጻፉት ትእዛዝ፣ የገጽ ቁጥርና ቀን በገጹ ዳር ይገኛል።

• ማኅተም፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች የይዘት መቆጣጠሪያ ደንብ አውጥተው ገጾች ከኅትመት በፊት እንዲመረመሩ አድርገዋል። የማጽደቂያው ማኅተም በበርካታ ገጾች ላይ ይታያል፤ በምርመራው ምክንያት የተለወጡ ሥዕሎችም ከእርማቱ ምልክት ጋር ይገኛሉ።

አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሲጎበኙ የታተመውን ገጽ ከኦሪጅናሉ ጎን አድርገው እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይጠቅማል። ያማረ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዳልተሠራ፣ ይልቁንም ተሠርዞና ታርሞ እንደተጠናቀቀ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

ብርሃኑ ለምን ይደበዝዛል? ፎቶግራፍስ ለምን ይከለከላል?

ጎብኚዎች ደጋግመው ከሚያቀርቧቸው ቅሬታዎች አንዱ የአዳራሹ ብርሃን ማነስ ነው። ምክንያቱ ግን አስተዳደራዊ ሳይሆን ሳይንሳዊ ነው። ብርሃን በወረቀትና በቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚከማች እንጂ የሚድን አይደለም፤ አንድ ጊዜ የደበዘዘ ቀለም ወደ ነበረበት አይመለስም። በመሆኑም ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች ብርሃኑን በ50 ሉክስ አካባቢ ይወስናሉ። ሥዕሎቹም ለተወሰኑ ወራት ከታዩ በኋላ ወደ ጨለማ ማከማቻ ተመልሰው በሌሎች ይተካሉ።

በቀደመው ዘመን ለኅትመት የሚውለው ወረቀት ብዙ ጊዜ አሲድ ያለበት ስለነበር ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ይሰባበራልም። ተለጣፊ ወረቀቶቹ የተያያዙበት ማጣበቂያ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ በማርከር የተሞላ ጥቁር ቦታም ከጥቁር ቀለም ይልቅ ቶሎ ይለወጣል። ሙዚየሞች እነዚህን ለመግታት አሲድ በሌለው ካርቶን ይጠቀማሉ፤ የአየሩን እርጥበትና ሙቀት አይዋዥቅም ዘንድ ይቆጣጠራሉ። እርማቶቹንና እድፎቹን ደምስሶ ገጹን «አዲስ ማስመሰል» ግን የሥራውን ታሪክ ማጥፋት ስለሆነ አይደረግም።

የፎቶግራፍ ክልከላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጂ መብት ጋር የተያያዘ ነው። ሙዚየሙ ወረቀቱን ስለያዘ ብቻ ሥዕሉ እንዲባዛ የመፍቀድ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በተከታታይ ሥዕል ታሪክን መተረክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በብራና ላይ የተጻፉ የተአምረ ማርያም መጻሕፍት አንድን ተአምር በደረጃ በተከፋፈሉ ሥዕሎች ያሳያሉ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በረድፍ በተደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ 44 በሆኑ ሣጥኖች ተሥሎ ከየሥዕሉ ጋር የአማርኛ መግለጫ ይሰፍርበታል። እነዚህ ሥራዎች ከኮሚክ መጽሐፍ የተለየ ታሪክና ዓላማ ቢኖራቸውም የአነባበባቸው ሥርዓት ይመሳሰላል። በሀያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ለውጭ ሀገር ጎብኚዎች ተሸጠው ስለወጡ፣ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞችና በግለሰቦች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

ከእነዚህ በተጨማሪ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች በእጅ የተሠሩ ሥዕሎች አሉ። የታተመው ጋዜጣ በቤተ መዛግብት ይገኝ ይሆናል፤ ሠዓሊው የሣለበት ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሠዓሊው ቤት፣ በሣጥን ወይም በአሮጌ አቃፊ ውስጥ ነው። ሠዓሊው ሲያርፍ ቤተሰቡ ምንነቱን ካላወቀ ከሌላው ወረቀት ጋር ይጣላል። በዘመናችን እንደ «ጀምበር» ያሉ የኢትዮጵያ ኮሚክ መጻሕፍት ለአንባቢ ቀርበዋል፤ ይሁንና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሠዓሊዎች በኮምፒዩተር ስለሚሠሩ ከሥራቸው ወረቀት አይተርፍም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተሠራው ያለፈው ዘመን ሥራ ከእንግዲህ አይበዛም፤ ሊጠበቅ ወይም ሊጠፋ ብቻ ይችላል።

የወረቀቱ ባለቤትነትና የቅጂ መብት

ዜጎች ብዙ ጊዜ የሚያደባልቋቸው ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንደኛው የወረቀቱ ባለቤትነት ነው፤ ይህ እንደማንኛውም ንብረት በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በውርስ ይተላለፋል። ሁለተኛው በሥዕሉ ላይ ያለው የቅጂ መብት፣ ማለትም ሥዕሉን የማባዛት፣ የማሳተምና ሌላው እንዲጠቀምበት የመፍቀድ መብት ነው። ወረቀቱን የገዛ ሰው በዚህ ብቻ ሥዕሉን በመጽሐፍ፣ በቲሸርት ወይም በማስታወቂያ ላይ የማተም መብት አያገኝም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው፣ ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምንም ፎርማሊቲ ጥበቃ ያገኛል። የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ለምሳሌ ሠዓሊው በ2000 ዓ.ም. ያረፈ ከሆነ ጥበቃው እስከ 2050 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መብቱ የወራሾቹ ይሆናል። ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት ከሆነ ግን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የመብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ወገን ነው። በመሆኑም ወራሾች የቆየውን የሥራ ውል ፈልገው ማየት ይኖርባቸዋል።

የቆዩ ሥዕሎች ያሏቸው ባለንብረቶች ሊከተሏቸው የሚገቡ ደረጃዎች

1. ምንም ነገር ከመጣል በፊት መለየት፦ የሠዓሊው ወረቀቶች፣ ንድፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ውሎችና የታተሙ ቅጂዎች ሳይነጣጠሉ በአንድ ላይ ይቆዩ። ሥዕሉ የት እንደታተመ የሚያሳይ አንድ ቅጂ ለትክክለኛነቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

2. መመዝገብ፦ የእያንዳንዱን ሥዕል ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መጠኑን መለካት፣ ከማን እንደተገኘ መጻፍ። በወረቀቱ ላይ ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ በጀርባው ጥግ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ብቻ ይሁን።

3. በትክክል ማስቀመጥ፦ ሥዕሉ ሳይታጠፍና ሳይጠቀለል በጠፍጣፋው ይቀመጥ። ከፀሐይ፣ ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከወለል ይራቅ። በእጅ ሲያዝ እጅ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። በፕላስቲክ ማሸግ፣ በፕላስተር መጠገን፣ በላጲስ ማጽዳትና የደበዘዘውን መስመር ደግሞ መሣል ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያስከትላል። ፍሬም ውስጥ ከገባም መስታወቱ ወረቀቱን መንካት የለበትም።

4. ምክር መጠየቅ፦ ስለ ቅርስነቱና ስለ ምዝገባው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን፣ ስለ ቅጂ መብት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን፣ ከሥዕሎቹ ጋር ስላሉ ሰነዶች የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትን ማነጋገር ይቻላል። በክልሎች የሚገኙ ባለንብረቶች መጀመሪያ በአካባቢያቸው ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

5. ማዋስ ወይም ማበርከት፦ ሥዕልን ለሙዚየም ማዋስ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። የውሰት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የቆይታ ጊዜውን፣ ሥዕሉ በርክክብ ወቅት ያለበትን ሁኔታ፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱን፣ የማሳያ ብርሃኑንና ፎቶግራፍ የማንሣት ፈቃዱን መግለጽ አለበት። ስጦታ ሲሆን ደግሞ የሚተላለፈው ወረቀቱ ብቻ ይሁን ወይስ የቅጂ መብቱም ጭምር በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። ይህ ሳይገለጽ የቀረ ስጦታ ኋላ በቤተሰቡና በተቋሙ መካከል ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

6. ከሀገር ማስወጣት፦ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣት የተከለከለ ነው። የቆየ ሥዕል ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ሥራው ቅርስ አይደለም ብሎ ቢያምንም እንኳ፣ ከጉዞው ቀን አስቀድሞ ሥዕሉን ለባለሥልጣኑ አቅርቦ ማስመርመር ይኖርበታል። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚደረግ ማስረዳት የጽሑፍ ማረጋገጫን አይተካም።

7. ከሽያጭ በፊት መጠንቀቅ፦ ስለ ታላላቅ ጨረታዎች የሚሰማው ዋጋ ለጥቂት ሥራዎች ብቻ የሚከፈል ነው። ሥዕሉን በርካሽ ለመግዛት የሚቻኮል ሰው ሲመጣ፣ ባለንብረቱ ከላይ የተዘረዘሩትን ምዝገባና ምክር ሳይጨርስ ከመስማማት ቢቆጠብ ይመረጣል። ሥራው ቅርስ ሆኖ ከተገኘ የባለቤትነት ዝውውሩ ለባለሥልጣኑ ሊታወቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ዛሬ በሙዚየም የሚታዩት የኮሚክ ገጾች ለሙዚየም ተብለው አልተሠሩም። ለወር መጽሔት፣ ለእሑድ ጋዜጣ፣ ቀኑ ለደረሰ ማተሚያ ቤት የተሠሩ ነበሩ። የቆዩትም አንድ አርታኢ፣ አንድ የቤተሰብ አባል ወይም አንድ አንባቢ ሳይጥላቸው ስለቀረ ነው። በሀገራችንም ለመማሪያ መጽሐፍና ለጋዜጣ የተሠሩ ሥዕሎች ዕጣ በአብዛኛው በእጃቸው በያዟቸው ቤተሰቦች ውሳኔ ላይ ይወሰናል። በመሆኑም በውርስ የተገኘ ሣጥን ሲከፈት፣ በውስጡ ያሉት ወረቀቶች ምንነት ሳይጣራ አንዳቸውም እንዳይጣሉ ባለንብረቶች እንዲጠነቀቁ ይመከራል።